አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የአራዳው ክለብ

የአንድ አገር የስፖርት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት ዋንጫዎችና ሜዳሊያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ዋንጫው ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ሜዳ የደለደሉ፣ መዋጮ የሰበሰቡ፣ ደንብ ያወጡ፣ ለወጣቶች ማሊያና ጫማ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የተሰባሰቡበት ማኅበር ክለብ ይባላል። ክለብ ሲባል አሥራ አንድ ተጫዋቾችና አንድ አሠልጣኝ ብቻ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ክለብ የአንድ ሰፈር ሕዝብ ጉዳዩን በራሱ መምራትን፣ በደንብ መገዛትንና መሸነፍን በጨዋነት መቀበልን የሚለማመድበት ትምህርት ቤት ጭምር ነው። ይህንን ነገር በሕይወታቸው ካስረዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምነት የሚጠራው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በአስተዳዳሪነት ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ስፖርትን አገልግለዋል። በመጨረሻም የአፍሪካን እግር ኳስ ለአሥራ አምስት ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ሆኖም በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ፊት ቆመው የተከራከሩበት አቋም የተቀረጸው በጉባኤ አዳራሽ አልነበረም። የተቀረጸው በአዲስ አበባ፣ በአራዳ ሰፈር በተቋቋመ አንድ የወጣቶች ክለብ ውስጥ ነው። ስለዚህ የእርሳቸውን ሕይወት መመርመር የዚያን ክለብ እድገት መመርመር ነው፤ የክለቡንም ታሪክ መመርመር የእርሳቸውን ሐሳብ ምንጭ ማግኘት ነው።

የትውልድና የወጣትነት ዘመን

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በአዲስ ዓመት ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዘፈናቸው በሕዝብ ዘንድ የታወቁ ሰው ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው በዚያ ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ በመሆናቸው በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ የቀዳሚነት ቦታ አላቸው። ልጅየው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማደጋቸው የንግግርን ኃይልና ከአደባባይ ሰው የሚጠበቀውን ድፍረት ገና በልጅነታቸው እንዲያውቁ እንደረዳቸው መገመት አያዳግትም። በኋላ ዘመን ከአማርኛ ሌላ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጣሊያንኛ ይናገሩ ስለነበር በየጉባኤው ያለ አስተርጓሚ መከራከር ችለዋል።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ በቡድን ተደራጅቶ የሚካሄደው እግር ኳስ በአብዛኛው በከተማው የሚኖሩ የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ጨዋታ ነበር። አርመኖቹ፣ ግሪኮቹና ጣሊያኖቹ በየማኅበራቸው ቡድን አቁመው እርስ በርሳቸው ይጋጠሙ ነበር። የከተማው ልጆች ጨዋታውን ከሜዳው ዳር ቆመው ካዩ በኋላ በየሰፈራቸው በጨርቅ ኳስ ይለማመዱታል። ኳሱን ይወዱታል፤ የራሳቸው የሚሉት ቡድን ግን አልነበራቸውም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ የአራዳ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን አስተባብረው አንድ ቡድን አቋቋሙ። ስሙም በአካባቢው ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ለከተማው ሕዝብ ይህ ስም ተራ የሰፈር መጠሪያ ብቻ አልነበረም። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ ጊዮርጊስ የተገኘ ሲሆን፣ በአራዳ የታነጸው ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ድል መታሰቢያ ነው። ቡድኑ በተቋቋመበት ዓመት የኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቶ ስለነበር ስሙ የያዘው ትዝታ ከወትሮው ይልቅ ከባድ ሆኖ ይሰማ ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸውም ወደዚህ ክለብ የገቡት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ሃያ ሦስት ዓመታት ያህል ለዚሁ ክለብ ተጫውተዋል።

ክለብ በወረራው ዘመን

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ኃይል ከተማውን ሲያደራጅ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ፣ በገበያ፣ በመጓጓዣና በመዝናኛ ሥፍራ የሚለይ ሕግ አወጣ። ስፖርትም ከዚህ አልዳነም። ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ ተከለከለ፤ የአገሬው ተወላጅ በየሰፈሩ ተከፋፍሎ ለብቻው እንዲጫወት ተደረገ። የአራዳውም ክለብ ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ሊቶሪዮ የሚለው ቃል የፋሺስቱ ሥርዓት ዓርማ መጠሪያ ነበር።

ይህ ዘመን በአቶ ይድነቃቸው ሕይወት ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። አንድ ወጣት ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ዓመት ባለው ዕድሜው የሚያየው ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ ከአእምሮው አይጠፋም። እርሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው ያዩት የቆዳ ቀለም የሜዳ መግቢያ ፈቃድ ሲሆን፣ የክለብ ስምም በባዕድ ትእዛዝ ሲለወጥ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ከሌሎች ልዑካን ይልቅ አጥብቀው የተከራከሩት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። ለብዙዎቹ የዓለም የስፖርት መሪዎች አፓርታይድ በወረቀት የሚያነቡት ጉዳይ ነበር፤ ለእርሳቸው ግን በወጣትነታቸው የኖሩበት ሥርዓት ነበር።

ነገር ግን ወራሪው ያላሰበው አንድ ውጤት ደግሞ ተገኘ። የአገሬው ወጣት ለብቻው ተገልሎ ሲጫወት የራሱን ቡድን በራሱ ማደራጀት ግዴታ ሆነበት። የሰፈሩ ሰው በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ይገናኛል፤ ይመካከራል፤ የራሱን ልጆች ያበረታታል። ስሙ ቢለወጥም ክለቡን ያቋቋሙት ልጆች አልተበተኑም። ስለዚህ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የቀድሞ ስሙን አንሥቶ ወዲያው ሥራ ሊጀምር የሚችል ክለብ ተገኘ።

ከሰፈር ቡድን ወደ ሕዝብ ክለብ

ከነፃነት በኋላ ያሉት ዓመታት ስፖርት በመላው አገር የተደራጀባቸው ናቸው። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተካሄደ። ከተሳተፉት አምስት ቡድኖች መካከል የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ሆኖም ለአዲስ አበባ ሕዝብ ትልቁ ነገር ዋንጫውን ማን ወሰደ የሚለው አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነጭ ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይቆም የተከለከለው ወጣት አሁን በአንድ ደንብና በአንድ ዳኛ ፊት እኩል ቆሞ ሲጋጠም መታየቱ ነበር ትልቁ ነገር።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው በ1942 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ክለቡ ያደገባቸውና የተፈተነባቸው ዓመታት ናቸው። በዚያ ዘመን ተጫዋች ደመወዝ አልነበረውም። አንዱ ተማሪ፣ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሌላው የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሆኖ ከሥራ በኋላ ይለማመዳል። የክለቡ ጉዳይ የሚከናወነው በአባላት መዋጮና በደጋፊዎች ርዳታ ነው። አቶ ይድነቃቸው በሜዳ ላይ ግብ አግቢ፣ ከሜዳ ውጪ ደግሞ አደራጅ ሆነው በሁለት ወገን ይሠሩ ነበር። ያገራችን የስፖርት ጽሕፈት ቤትና የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋሙም ከመሥራቾቹና ከሠራተኞቹ መካከል ነበሩ።

የዚህ ዓይነቱ ክለብ ለኅብረተሰቡ የሰጠው አገልግሎት በግብ ብዛት አይለካም። በመጀመሪያ፣ ሥራ ያልያዘውና ትምህርቱን ያቋረጠው የከተማ ልጅ የሚውልበት ሥፍራ፣ የሚታዘዘው አለቃና የሚያከብረው ሰዓት እንዲኖረው አደረገ። ሁለተኛ፣ በተወላጅነትና በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ማሊያ ሥር እንዲሰባሰቡ ምክንያት ሆነ። ክለቡ በቅዱስ ስም ይጠራ እንጂ ደጋፊው የአራዳ ነጋዴና የመርካቶ ሸማኔ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ነው። ሦስተኛ፣ ተራው ሰው ስብሰባ መቀመጥን፣ ድምፅ መስጠትን፣ የገንዘብ ሒሳብ መጠየቅን በክለቡ አማካይነት ተለማመደ። እድርና እቁብ ለኑሮ ያደረጉትን ክለብ ለወጣቱ አደረገ ማለት ይቻላል።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ክለብም ተስፋፋ። የጦር ሠራዊቱ መቻልን፣ ፖሊስ ኦሜድላን አቋቋመ፤ ክቡር ዘበኛም፣ አየር ኃይሉም፣ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካውም የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። እነዚህ ክለቦች ለአገር ብዙ ስፖርተኞችን አፍርተዋል። ለተጫዋቹም የሥራ ዋስትና፣ ለልምምድም ቋሚ ሜዳ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤት ክለብ ዕድሜው በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በጀቱ ሲታጠፍ ቡድኑም ይታጠፋል። የሰፈር ክለብ ግን ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም ባለቤቱ ሕዝብ ነው። ይህ ልዩነት በአቶ ይድነቃቸው አስተሳሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ ነበር፤ ክለብ የሚጫወቱበትና የሚደግፉት ሰዎች ነው የሚለው እምነታቸውም ከዚህ የመነጨ ነው።

ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በ1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጅቡቲን ቡድን 5 ለ 0 በማሸነፍ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ጀመረ። አቶ ይድነቃቸው በክለባቸው ብቻ ሳይሆን በብሔራዊው ቡድንም ተሰልፈዋል። የተጫዋችነት ዘመናቸውን የፈጸሙት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጫማቸውን ከመስቀላቸው በፊት ግን ሌላ ትልቅ ሥራ ጀምረው ነበር።

በሰኔ ወር 1948 ዓ.ም. የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጉባኤ በሊዝበን ሲካሄድ የግብፅ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ ልዑካን ተገናኝተው አንድ የአፍሪካ ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ተካሄደ። አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ወዲያውኑ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ተነሣ። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን የሚልከው ቡድን ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ የሆኑበት እንደሚሆን፣ ቅልቅል ቡድን ግን እንደማይልክ ገለጸ። ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉትም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ስለዚህ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያ የደቡብ አፍሪካ ተጋጣሚ ስለነበረች ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ይህ ሽንፈት ለኢትዮጵያ እግር ኳስ መሪዎች ትልቅ ትምህርት ሆነ። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም ቡድናችን አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ተመለሰ። ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ እንዲካሄድ ሲወሰን አቶ ይድነቃቸው የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ ሆነው ተሰለፉ። ተጫዋቾቹ ከአዲስ አበባ፣ ከአሥመራና ከድሬዳዋ ክለቦች የተውጣጡ ነበሩ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎም ከቡድኑ ጋር ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ወጣቱ መንግሥቱ ወርቁ ተመርጧል። በልጅነታቸው በዘር ተለያይቶ መጫወትን ያዩት አሠልጣኝ አሁን የሚመሩት ቡድን የወራሪው አገር ሰው ልጅ በአምበልነት የተሰለፈበት ነበር። በሜዳ ላይ የሚታየው ችሎታና ዲሲፕሊን እንጂ የአባት አገር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ከጥምቀት በዓል ሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ከተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ማለትም ከግብፅ ጋር የፍጻሜ ጨዋታ ተደረገ። ግብፆቹ ሁለት ጊዜ መሩ፤ ኢትዮጵያውያኑም በመጀመሪያ በግርማ ተክሌ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደግሞ በሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አስቆጥረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ከአምስት ዓመት በፊት በካርቱም 4 ለ 0 ያሸነፈ ቡድን በአዲስ አበባ ተሸነፈ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫን አላገኘችም።

የአህጉር ኃላፊነት

ከዚህ ድል በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሥራ ወደ አህጉራዊና ዓለም አቀፍ መድረክ አዘነበለ። በዚያን ጊዜ ከቅኝ አገዛዝ የወጡ የአፍሪካ አገሮች በየዓመቱ ወደ ዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ይገቡ ነበር። ቁጥራቸው ቢበዛም የዓለም ዋንጫ በር አልተከፈተላቸውም። እ.ኤ.አ. ለ1966 በእንግሊዝ ለሚካሄደው ዋንጫ በወጣው ደንብ መሠረት የአፍሪካ አሸናፊ በቀጥታ ማለፍ አይችልም ነበር፤ ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር እንደገና መጋጠም ነበረበት። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ደንብ አጥብቀው ተቃወሙ። በመጨረሻም የአፍሪካ አገሮች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ውጤቱም ተገኘ፤ ለ1970 ዋንጫ አፍሪካ አንድ የተረጋገጠ ቦታ አገኘች፤ በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ።

ይህ ድል ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1962 አፍሪካን ያሸነፈው የኢትዮጵያ ቡድን ተጫዋቾች በጉልበታቸው ብርታት ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ የሚወስደው መንገድ ተዘጋባቸው። ከእነዚህ መካከል የአቶ ይድነቃቸው ክለብ ልጅ የሆነው መንግሥቱ ወርቁም ይገኝበታል። ለተጫዋች አራት ዓመት ረጅም ነው፤ ያመለጠው ዕድል ተመልሶ አይመጣም። አንድ መሪ ለወደፊቱ ትውልድ መብት ሲታገል አሁን ያለውን ትውልድ ዕድል መሥዋዕት ማድረግ ይገባዋልን የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አቶ ይድነቃቸው ይህን ጥያቄ የመለሱት መብት ካልተጠየቀ በልመና አይገኝም በሚል አቋም ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት አፍሪካውያን ተጫዋቾች በዓለም ዋንጫ የቆሙበት ቦታ የዚያ ውሳኔ ፍሬ መሆኑ ባይካድም፣ ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። በእነዚህ ሁለት ኃላፊነቶች በጽናት የተከራከሩበት ጉዳይ የደቡብ አፍሪካ ነገር ነው። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካን አባልነት አግዶ፣ እገዳውን አንሥቶ፣ እንደገና አግዶ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል በተካሄደው ጉባኤ ግን ደቡብ አፍሪካ ፈጽማ ተባረረች። በካርቱም በሦስት አገሮች የተጀመረው ተቃውሞ ከሃያ ዓመት በኋላ የዓለም ውሳኔ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ የተመለሰችው አፓርታይድ መፍረስ ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በ1996 ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ አሸነፈች። አቶ ይድነቃቸው ይህን ለማየት አልታደሉም።

የተጫዋቾች ፍልሰትና የክለብ ህልውና

በአቶ ይድነቃቸው ዘመን የተነሣውና እስካሁን መፍትሔ ያላገኘው ሌላው ጉዳይ የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ አገር ለአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ ደንብ ወጣ። ዓላማው የአፍሪካ ዋንጫ በአፍሪካ ክለቦች ውስጥ ያደጉ ተጫዋቾች መድረክ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ደንቡ በ1982 ተሻረ። አቶ ይድነቃቸው እስከ መጨረሻው ድረስ አፍሪካ ምርጥ ልጆቿን ጥሬ ዕቃ እንደምትልክ ሁሉ እየላከች የራሷ ሜዳዎች ባዶ እንዳይቀሩ ያስጠነቅቁ ነበር። የንግድ ድርጅቶች ገንዘብም ስፖርቱን እንዳይገዛው በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር።

ይህ አቋማቸው በዘመኑ ተቃዋሚዎች ነበሩት። ድኻ አገር ተጫዋቹን በቂ ደመወዝ መክፈል ካልቻለ እግሩን ማሰር አይገባውም የሚል ክርክር ይቀርብባቸው ነበር፤ ክርክሩም ፍትሐዊ ወገን አለው። አንድ ወጣት ቤተ ሰቡን የሚረዳበት ጊዜ አሥር ዓመት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም አቶ ይድነቃቸው የፈሩት ነገር እንደደረሰ የሚመሰክረው ያለው ሁኔታ ነው። የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች አብዛኛው ተጫዋች በአውሮፓ የሚኖር ሆኗል፤ በብዙ ከተሞችም የሰፈሩ ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚመለከተው በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የእንግሊዝን ክለብ ጨዋታ እንጂ የሰፈሩን ቡድን አይደለም። ክለብ የሕዝብ ትምህርት ቤት መሆኑን የሚያምን ሰው ይህን በዝምታ ሊያልፈው አይችልም።

አቶ ይድነቃቸው የአህጉሩን እግር ኳስ በሚመሩበት ጊዜ ያደጉበት ክለብም ሌላ ፈተና ደርሶበታል። ከ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የአገሪቱ ክለቦች አወቃቀር ሲቀየር የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ከውድድር መድረክ ጠፍቶ ክለቡ ለተወሰኑ ዓመታት በቢራ ፋብሪካው ስም ይጠራ ነበር። በወረራው ዘመን በባዕድ ትእዛዝ ስሙን ያጣው ክለብ በገዛ አገሩ ሥርዓት ሁለተኛ ጊዜ ስሙን አጣ። ደጋፊው ግን ስሙን አልረሳም፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ ክለቡ በቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ከዚያም በኢትዮጵያ የክለቦች ሻምፒዮና ከሁሉም የበለጠ ዋንጫ የሰበሰበ ክለብ ለመሆን በቃ። ስም በአዋጅ ሊሻር ይችላል፤ ሕዝብ በፈቃዱ የያዘውን ማኅበር ግን አዋጅ ብቻውን አያጠፋውም።

የመጨረሻው ዘመንና ቅርሱ

አቶ ይድነቃቸው በሕመም ምክንያት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሦስት አገሮች የተጀመረውን የአፍሪካ ዋንጫ ብዙ አገሮች በማጣሪያ የሚሻሙበት ውድድር ሆኖ ትተውት ሄዱ። የክለቦች ሻምፒዮና፣ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድርና የወጣቶች ውድድርም በእርሳቸው ዘመን ሥር ሰደዋል። እ.ኤ.አ. ለ1966 አንድም የተረጋገጠ ቦታ ያልነበራት አፍሪካ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ቦታ ተመድቦላታል።

በሙያችን ለተሰማራን ሁሉ የአቶ ይድነቃቸው ሕይወት የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው። አሠልጣኝ ሲሠለጥን፣ ዳኛ ሲመደብ፣ ሜዳ ሲሠራ፣ በጀት ሲያዝ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ክለቡ የማን ነው የሚለው መሆን አለበት። የአንድ ባለ ሥልጣን ወይም የአንድ ድርጅት ከሆነ ከሰውየውና ከድርጅቱ ጋር ይወድቃል። የሰፈሩ ሕዝብ ከሆነ ግን መዋጮው ቢያንስም፣ ስሙ ቢነጠቅም፣ ሜዳው ቢወሰድም መልሶ ይነሣል። በዘመናችን በየከተማው የሰፈር ሜዳዎች ለሕንፃ ሥራ እየዋሉ፣ ክለቦችም በመንግሥት በጀት ብቻ የሚተዳደሩ እየሆኑ ባሉበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ከምንጊዜውም ይልቅ አጣዳፊ ሆኗል። ሜዳ የሌለው ሰፈር ክለብ አያበቅልም፤ ክለብ የሌለው ሰፈርም እንደ ይድነቃቸው ተሰማ ያለ ሰው ሊያፈራ አይችልም።